የፈርዶሳ እሺታ

ነሐሴ 4
የገብስ ቆሎዬን ጨረሱብኝ። ለማን አቤት ይባላል? የእህቴ የረቢያ ልጆች፣ ፈርዶሳና ዙሀይራ፣ ግቢያችን አንድ ስለሆነ ከጎረቤት ልጆች ጋር «ኤሱማ፣ እንጫወት» እያሉ ይገባሉ፤ ኤሱማ የእናት ወንድም ማለት ነው። ሲወጡ ሳህኑ ባዶ። አጎት እንዲህ ነው የሚከበረው... ነገ ሽምብራ አቀርብላቸዋለሁ፤ ያውም ያልተቆላ።

ሲዘንብ ስለዋለ ጅብ ተጫወትን። ከኮፍያዬ ወረቀት እናወጣለን፤ አንዱ ላይ «ጅብ» ተጽፏል። የደረሰው ይደብቃል፤ ሌሎቻችን በወሬ አውጣጥተን እናባርረዋለን። የፈለጉትን መዋሸት ይቻላል። ወላሂ ማለት ብቻ ክልክል ነው። የረቢያ ሕግ... በአላህ ስም አይቀለድም ብላ።

ጅቡ እኔ ነበርኩ። ዙሀይራን አስባረርኳት። እንዴት? ጥብቅና ቆምኩላት። እኔ የተሟገትኩለትን ሰው ማን ያምናል?

ነሐሴ 6
ፈርዶሳን ነቃሁባት። ጅብ ሳይደርሳት ትጨቃጨቃለች፣ ኮፍያህ ይሸታል ትለኛለች... ይቅርታ፣ «ኮፍያዎ»። ጅብ ስትሆን ግን እንዴት ያለች ጨዋ! ሻይ ትቀዳለች። ላሏት ሁሉ እሺ ነው። አልነገርኳትም። ሞኝ ነኝ እንዴ?

ነሐሴ 9
ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ፤ ፈርዶሳን ሊጠይቁ። የላካቸው ሳላሀዲን ነው፣ የጎባው ጨርቅ ነጋዴ። ነውር ፈለግኩበት፤ አጣሁ። አባቷ በሕይወት ስለሌለ መልሱ የእኔና የረቢያ ነው። ረቢያ ወደ ጓዳ ጠርታ ጠየቀቻት።

«እሺ» አለች።

ረቢያ በደስታ አለቀሰች። ለሽማግሌዎቹ፣ እንደ ወጉ፣ ለቁርጡ መልስ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ተመለሱ አልናቸው። ፈርዶሳ ሻይ ቀዳችላቸው።

ነሐሴ 12
ሰርጉ መስከረም ይሁን? እሺ። ቀሚሱን እናትሽ ትምረጥ? እሺ። አንድ ዓመት የቀረው ዩኒቨርሲቲስ... ይቆይ? እሺ።

ይቺ ልጅ በጫማ ክር የምትከራከረኝ ናት።

ነሐሴ 14
አብረን በጋሪ ገበያ ወረድን። በሳላሀዲን አሾፍኩ፣ ሳቀች። ከዚያ «ወላሂ እፈልገዋለሁ በይኝ» አልኳት።

«ኤሱማ፣ ክልክል ነው እኮ።»

«በጨዋታ ነው ክልክሉ። አሁን ማን እየተጫወተ ነው?»

ገበያ ደረስን። ስንወርድ «እማዬ በጣም ደስ ብሏታል» አለች። ሌላ ነገር የለም።

ነሐሴ 15
ለረቢያ ነገርኳት። እንደገና ጠይቂያት አልኩ። «ራሷ እሺ ብላለች። በቀልድህ ቤቴን አታፍርስ» አለችኝ። በማን ይፈረድ? ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ...

እንግዲህ ሽማግሌዎቹን የሚመልስ ውሸት ማዘጋጀት ነው።

ነሐሴ 18
ጠዋት ውሸቶቼን ሞካከርኩ። ሕመም? ሐኪም ይጠቁማሉ። ሕልም አየሁ ብል ይሻላል። ከሕልም ጋር የሚከራከር ሽማግሌ የለም።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት በሩ ተንኳኳ። ቀደሙ ማለት ነው ብዬ፣ ፊቴን አሳዝኜ ከፈትኩ።

ሳላሀዲን። ብቻውን፣ ጫማው ጭቃ ብቻ። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳይሰማ በራሱ እግር አይመጣም። እሱም ያውቀዋል፤ ለመቀመጥ እንኳ ፈራ።

«ጋሽ ዘይነዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሺ ብላለች አሉኝ። ከራሷ አፍ ግን አልሰማሁም።»

ሕልሙ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ወደ ግቢው ዞሬ ፈርዶሳን ጠራኋት። እናቷም ተከትላ መጣች።

ፈርዶሳ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አልፈልግም» አለችው። «አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም። ትምህርቴን መጨረስ ነው የምፈልገው።»

«ጠይቄሽ የለም እንዴ?» አለች ረቢያ። ድምፅዋ ተሰበረ።

«ጠይቀሽኛል፣ እማዬ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቁጭ ብለው እየሰሙ።»

ሳላሀዲን ሽማግሌዎቹን ሳይነሱ ልድረስባቸው ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር አለና ፈርዶሳን አመሰገናት።