የአኮላሹ ቀጠሮ

ማርች 4

ገበሬዋ ዶኛ ኤውላሊያ ግቢ አሥራ አንድ የአሳማ ግልገሎች አኮላሸሁ። አንዱም አልሞተ፣ አንዱም አልነከሰኝ። ከአባቴ የወረስኩትን ዋሽንት እየነፋሁ ስገባ ልጆቹ እንደ ድሮው "አኮላሹ መጣ! ሱሪያችሁን ያዙ!" እያሉ ተሯሯጡ። ሌላ ጊዜ እስቃለሁ። ዛሬ ሳቄ እንቢ አለኝ።

ይሄ ደብተር በየትኛው ግቢ ስንት አሳማ እንደሚጠብቀኝ የምጽፍበት ነበር። ዛሬ ለሌላ ነገር ፈለግኩት። ለሰው መናገር አልችልማ።

ትናንት እኔና ኤደልሚራ ጤና ጣቢያ ነበርን። ዶክተሩ የሚያወራው ስለ ሚስቴ ነው፣ የሚያየው ግን እኔን። "ልቧ ደክሟል። የመጨረሻዋን ልጅ ስትወልድ ከሞት አፋፍ ነው የመለስናት። አምስተኛ ካረገዘች አትተርፍም።" የወሊድ መከላከያ ኪኒኑ ለልቧ አይሆንም። እሷን አደንዝዞ ኦፕራሲዮን ማድረጉም ያሰጋል። "ስለዚህ አንተ ትቋጠራለህ" አለ። የዘር ቱቦዬን ማለቱ ነው። "በ18 ከከተማ ቡድን ይመጣል። ልመዝግብህ?"

ኤደልሚራ ዞር ብላ አየችኝ። "መዝግበኝ" አልኩ። ምላሴ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ማርች 7

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ። የተኮላሸ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ይወፍራል። ሴቷ ባጠገቡ ብታልፍ ቀና ብሎ አያያትም። ገንዳው ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል። በቃ፣ እሱ ነው ኑሮው።

ከከተማው ቡድን ጋር የምትሠራው ሲስተር ያኔት ለምዝገባ መጥታ ነበር። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ምን እንደሚቆርጡብኝ ጠየቅኳት።

"ኧረ ዶን ኤልዮዶሮ! ምንም ቆርጠን አንጥልም። ቀጭን ቱቦ አለች፣ እሷን ቋጥረን እንዘጋለን፣ በቃ። እርስዎ የሚሠሩት ሌላ፣ እኛ የምንሠራው ሌላ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ቱቦ ስቆርጥ ነው የኖርኩት" አልኳት።

ሳቀች። ምኑ ያስቃል? ቢላዋ ቢላዋ ነው።

ማታ መስታወት ፊት ቆምኩ። ካሁኑ የወፈርኩ መሰለኝ...

ማርች 12

እሑድ። ቴሆ የሚባለው የብረት ውርወራ ጨዋታ ሜዳ ዋልን። ብረቱን ወርውሬ ጭቃው ላይ የተቀበረውን ባሩድ ሁለቴ አፈነዳሁት። አበልጄ አቤላርዶ ብርጭቆውን አንስቶ "ይሄ ነው አሬቾ!" ብሎ ጮኸ። በኛ ክፍለ ሀገር በሳንታንደር ለወንድ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም። ቆፍጣና፣ የማይበገር እንደማለት ነው።

መንገድ ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ሳቁብን። አንዱ የባሕር ዳርቻ ሰው ነው። "በኛ በኩል አሬቾ የሚባለው ሴት አምሯት የተቅበጠበጠ ነው! ሰው ፊት አይባልም!" አለ። ቬኔዝዌላዊው ደግሞ "በኛማ የተናደደ ማለት ነው" አለ። አንቲዮኪያ ከሚባለው ክፍለ ሀገር የመጣው ጢሙን እያሻሸ "እኛ ጋ ወንድ የሆነ ወንድ ቤራኮ ይባላል" አለ።

ቤራኮ! ያልተኮላሸ አውራ አሳማ እኮ ነው! ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ። ሰዉ ወንድን የሚለካው እኔ በየግቢው ቆርጬ ለውሻ በምወረውረው ነገር ነው?

"ሚስቱ የምታዘውንስ ምን ትሉታላችሁ?" አለ አቤላርዶ። የኤኳዶሩ ልጅ ቶሎ ብሎ "መንደሪን!" አለ። የፍሬዋ ስም በቋንቋችን "ማዘዝ" ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል፤ ሳቅ በሳቅ ሆንን። "እዚህ ደግሞ ሙክት ነው የምንለው" አለ አቤላርዶ፣ "እንደ ደዋያችን እንደ ኒካኖር።"

ኒካኖር የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ተቋጥሮ መጣ። እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያልፍ ከኋላው እንደ በግ ይጮሁበታል። መጀመሪያ ሙክት ብሎ የጠራው ማነው? እኔ ነኝ። ያውም ዋሽንቴን እየነፋሁ።

ማርች 17

ነገ ነው። ኤደልሚራ ንጹሕ የውስጥ ሱሪ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለች።

ማርች 18

ሄጄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሄጄ ነበር። ኮፍያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተ። ትሪ አየሁ። ትሪው ላይ መቀስ፣ መቆንጠጫ... ከኔው ያንሳል እንጂ የኔው ዓይነት። ሲስተር ያኔት ስሜን ጠራች።

"መጣሁ፣ ሽንቴን ልሽና" ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ።

በዚህ እጄ ስንቱን አሳማ እግሩን ጠምዝዤ ይዣለሁ! ሁሉም ለማምለጥ ይፍጨረጨር ነበር። አንድም አላመለጠኝ። አኮላሹ ግን አመለጠ። ከወንዙ ማዶ ዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

እግሬን አንፈራጥጬ ገባሁ። የከተማው ቡድን ከሰዓት በኋላ ሄዷል። የሚያጋልጠኝ የለም።

ማርች 20

የዶሮ ሾርባ። በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ። ልጆቹን "አባታችሁ ላይ እንዳትወጡ" አለቻቸው። ትልቋ ልጄ የራሷን ትራስ አመጣችልኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጠዋት ማንፈራጠጡን ረስቼ እስከ አሳማው ጋጥ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። መመለሻዬ ላይ ትዝ አለኝ። አይታኝ ይሆን?

አፕሪል 3

ትንሿ ልጃችን ከተወለደች አሥራ አራት ወሯ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ኤደልሚራ የምትተኛው ከልጆቹ ጋር ነበር። ትናንት ትራሷን ይዛ መጣች። "ከእንግዲህ አልፈራም" አለችኝ። እየሳቀች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ ሳትተኛ በፊት። አልተናገርኩም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሚመጣው ሳምንት ከተማ ሄጄ በድብቅ አስቋጥራለሁ። በድንግል እምላለሁ።

አፕሪል 11

አልሄድኩም። አሳማ በዛብኝ አልኩ። ለማን ነው የምዋሸው?

አፕሪል 25

የወር አበባዋ ስድስት ቀን አለፈው። ወሯ ቀን አያዛንፍም፤ አሥራ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። አልነገረችኝም። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆማ በጣቷ ስትቆጥር ደረስኩባት።

"ምን ትቆጥሪያለሽ?"

"የቅዱሳን በዓል" አለች።

ጌታዬ፣ እኔን ቅጣኝ። እሷን ተዋት።

አፕሪል 28

ዘጠኝ ቀን። ከንፈሯ ነጥቷል። ባቄላ እየፈለፈለች ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ኤልዮ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ። የቀረብኝ መሰለኝ። አንዳንዴ ይከሽፋል አሉ... ቱቦው ተመልሶ ይከፈታል አሉ። ያንተ ጥፋት አይደለም።"

እጄን ያዘችኝ። እኔን ልታጽናና! እሷ፣ እኔን! ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"አልተቋጠርኩም" አልኳት። "በጓሮ በር ወጣሁ።"

ባቄላውን መፈልፈል አላቆመችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... "ዶሮዋንስ?" አለች።

"የቷን ዶሮ?"

"እንቁላል ጣይ ዶሮዬን ነበር ያረድኩልህ። አጥንቷን ሳይቀር ጋጥካት።"

ኮፍያዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግኩ።

"ለምን?" አለች።

"ሰዎቹ... ሙክት ይሉኛል ብዬ።"

"እሺ፣ እኔ ስሞትስ ምን ሊሉህ ነው? አራት ልጅ ይዞ የቀረ ባል ነው የሚሉህ። እሱ ይሻልሃል?"

ባቄላውን ይዛ ገባች። ሳትጮህ። ብትጮህ በተሻለኝ።

አፕሪል 30

አታናግረኝም። የእርግዝና መመርመሪያውን ልግዛልሽ አልኳት። ፋርማሲው ውስጥ የምትሸጠው የአቤላርዶ እህት ናት፣ በነጋታው ቴሆ ሜዳ ላይ ይወራል፣ ይወራ! እሄዳለሁ አልኩ። "ማወቅ አልፈልግም" አለች። ያናገረችኝ ይህችን ብቻ ነው።

ትንሿን አቅፋ ስትመግብ ጥግ ላይ ቆሜ አየኋት። ይህች ሴት ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ጻፍኩት፣ ይቀመጥ።

ሜይ 2

መጣላት!

ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆና ጠራችኝ። "መጣ" አለች። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ላቅፋት ስነሳ በክርኗ ገፋችኝ።

"ሐሙስ አውቶብስ አለ። ከተማ እንሄዳለን፣ አብሬህ ነው የምሄደው። ጓሮ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ።"

ሜይ 4

ከተማ፣ ቡካራማንጋ ደርሰን ተመለስን። የቀልዷን መስሎኝ ነበር። ዘበኛውን የጓሮ በሩ የት እንደሆነ ጠይቃ፣ እዚያው ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች።

ሲስተር ያኔት ስታየኝ "ዶን ኤልዮዶሮ! ከማርች ጀምሮ ሽንት ቤት ነበሩ?" አለችኝ። ኮፍያዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። መርፌዋ አመመችኝ፣ ከዚያ ምንም። ዓይኔን ጨፍኜ ልጆቼን በስም ስጠራ አራተኛዋ ላይ ሳልደርስ "ጨርሰናል" አሉኝ። ለዚህ ነው? ለዚህ ነው ሚስቴን ለሞት የሰጠሁት?

ግን ገና ነው ለካ። ውስጥ የቀረ ዘር አለ። ሦስት ወር ጠብቄ የዘር ናሙና ለምርመራ እሰጣለሁ፣ የምርመራው ወረቀት "ዜሮ" እስኪል ምንም እርግጠኛ ነገር የለም። ይሄን በማርች ቁጭ ብዬ ብሰማ ኖሮ... አውቶብስ ውስጥ ኤደልሚራ "ሦስት ወር ከልጆቹ ጋር ነኝ" አለች። በመስኮት እያየች።

ሜይ 21

ቴሆ ሜዳ ሄድኩ። አቤላርዶ "የት ጠፋህ አንተ? ታመህ ነው?" አለኝ። ብረቱን መሬት አስቀመጥኩ።

"ተቋጥሬ ነው።"

አንዱ ሳቅ ጀምሮ የሚከተለው አጣ። "ትቀልዳለህ" አለ አቤላርዶ። አልቀልድም አልኩ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ እንደ በግ ጮኸ።

ደሜ ፈላ። "ጩህ! ደህና አድርገህ ጩህ!" አልኩት። "ያንን ስድብ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ኤደልሚራ ካረገዘች ትሞታለች ተባልኩ። እና ምን ላድርግ? እሷን ልቅበርና እዚህ መጥቼ አሬቾ ልባል?" ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በዚያው ኒካኖር ጋ ሄድኩ። የተበጠሰውን የደወል ገመድ ሲቀጥል አገኘሁት። ይቅር በለኝ አልኩት። "ስድስት ዓመት ቆየህ" አለኝ። የገመዱን ጫፍ ያዝልኝ አለኝ፣ ያዝኩለት።

ሜይ 26

አቤላርዶ አሳማ አለኝ፣ ና አኮላሽልኝ ብሎ ላከብኝ። ቢላዋዬን ስዬ ሄድኩ። ጋጡ ባዶ ነው። ካለፈው ገና ወዲህ አሳማ የለውም!

ሚስቱ ገበያ መሄዷን ሁለቴ አረጋገጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ያማል?" አለኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ጓሮ በሩንም ሳይቀር። ሲሰማ ጥፍሩን ይበላ ነበር። ስወጣ አንድ ከረጢት የተጠበሰ ጉንዳን አስያዘኝ። "ለማንኛውም ብላ፣ ለወንድነት ጥሩ ነው" አለ። ተንኮለኛ! ግን በላሁት፣ በሳንታንደር የተጠበሰ ጉንዳን ማን ይጠላል?

ጁን 30

አልወፈርኩም። ድምፄም ያው ነው። ትልቋ ልጄ "አባዬ፣ አትጩህብን" አለችኝ። ደስ አለኝ።

ጁላይ 31

የምርመራውን ናሙና ከተማ ወስጄ ሰጠሁ። ባይሆንስ? ሲስተር ያኔት አንዳንዱ ሰው መድገም አለበት ብላኛለች። እንቅልፍ የለኝም።

ኦገስት 9

የአውቶብሱ ሹፌር ፖስታውን አመጣው። መንገድ ላይ ልከፍተው አልደፈርኩም። በሩ ጋ ስደርስ ከፈትኩት። ዜሮ። ሁለቴ አነበብኩት። ዜሮ!

ኤደልሚራ በቆሎ ታበጥር ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በትዳራችን ስታለቅስ ያየኋት እናቷ የተቀበሩ ዕለት ብቻ ነው።

"ምነው? ዜሮ እኮ ነው! ደስ አይልሽም?"

"አታውቅም" አለችኝ። "ሦስተኛዋን ከወለድኩ ጀምሮ አታውቅም። ከቴሆ ሜዳ ስትመለስ ኮቴህን ስሰማ ዳግም አረግዛለሁ ብዬ እፈራ ነበር። ደስ ብሎህ ስትመጣ ደግሞ ይብስ ነበር። ምነው ዛሬ ደክሞት በመጣ እል ነበር።"

ለካ የምትፈራው እኔን ነበር። የኔን ኮቴ! እዚያ ማዶ አሬቾ ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ስመጣ፣ እሷ እዚህ ኮቴዬን ትቆጥራለች። ስንት ዓመት? ስድስት ዓመት! አንድ ቀን አልጠየቅኳት። እኔ የፈራሁት አንዲት ቃል፣ እሷ የፈራችው ባሏን።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ እንዳላስጨንቃት ራቅ ብዬ። በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ተነስታ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።