የደለበችው ፊያት

የካቲት 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የአምስተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ። ውጭ ክላክስ። ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ወንድሜ ደረጀ የአባዬን ትንሿን ፊያት ሊያስረክበኝ ከደ/ብርሃን መጣ።

አላወቅኋትም! ጎማዋ የጭነት መኪና ጎማ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከአራቱም ጎማ በላይ ጥቁር የፕላስቲክ መከለያ፤ ጉንጯን የነፋች ትመስላለች። ሰፊ ቸርኬ ገዝቶ፣ አልገባ ሲለው ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ፣ ፓራፋንጎዋን፣ አስቆርጦ። ሳይጠይቀኝ። አማረች አይደል? ይለኛል። እማዬ ደግሞ ዞራ ዞራ አይታ እሰይ አለች።

የካ. 2፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንተ ብቻ። በግራ በኩል፣ የኋላው ፓራፋንጎ ላይ መዶሻ ያረፈበት ጎርባጣ ነበር። መንዳት ስማር ከግቢያችን ካብ ጋር ያላተምኳት ጊዜ አባዬ ራሱ ቀጥቅጦ ያወጣውና በእጁ ቀለም የቀባው። አልተቆጣኝም። ከሞተ ወዲህ ሲናፍቀኝ እሱን ነበር የምዳስሰው። ዛሬም እጄን ሰደድኩ። ፕላስቲክ።

የካ. 6፣ እሑድ

ደረጀን ለሽማግሌዎች ከሰስኩት። አባዬ ሲሞት ሽማግሌዎች መኪናዋን እንደ ጋራ ፈረስ ነበር የዳኙን፦ አንድ ወር እሱ፣ አንድ ወር እኔ፤ የተረከበ እንደተረከበ ይመልስ።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ደረጀም ነበር። ዞሯት። ጎማዋን በዱላ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ የንስሐ አባታችን ፈገግ አሉ፦ «ልጄ፣ ከስታ ብትመለስ ነበር የምንቆጣው። ደልባ መጣችልሽ እኮ! ያደለበ ሰው ይመረቃል እንጂ ይከሰሳል እንዴ?»

ደረጀ ተመረቀ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን ማለቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

የካ. 9፣ ማታ

መሪዋ ከብዷል። ትከሻዬ አለቀ። ዳገት ላይ ስጠመዝዝ ጎማው የሆነ ነገር ይፍቃል።

ለካ ያስቆረጣት እዚሁ ከተማችን መሐል ሜዳ ነው፣ ከአፍንጫዬ ስር! የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጡት ባትላሜራው ጋሽ ተፈራ ጋ ሄድኩ። ደረጀ «እህቴ ተስማምታለች» ብሏቸው ኖሯል። የተቆረጠውን ላሜራ ይስጡኝ አልኩ። የከሰል ምድጃ ሆኖ ቅዳሜ ገበያ ወጥቷል። እንደነበረች ትሆናለች? አትሆንም አሉ። አላባበሉኝም።

የአባዬ መዶሻ ያረፈበት ላሜራ ላይ የማን ሽሮ እየተንተከተከ ይሆን።

የካ. 12፣ ከሰዓት

ደረጀ ደወለ። መከለያው እንዳይጫር ተጠንቀቂ አለኝ። ስለ አባዬ አንዲት ቃል የለም። ስለ ዋሸውም የለም። ጠላሁት። ወንድሜን ጠላሁት፤ ይኸው ጻፍኩት።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ጋሽ ተፈራ ጋ። አራቱንም መከለያ ይፍቱልኝ አልኳቸው። ደነገጡ። «ተይ እንጂ ልጄ፣ ስሩ እኮ ያስቀይማል፤ ላሜራው እንደተቦጨቀ ነው።» አውቃለሁ አልኩ። ጭቃ ይረጭሻል አሉ። ይርጨኝ።

ፈቱት። ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፤ ዝገት ጀምሮታል። በግራ የኋላው በኩል የአባዬ ቀለም ጣት የምታህል ቀርታለች። አልነካኋትም።

ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ መውጫ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆማታለሁ። ደልባለች ያሉኝ ሰዎች ቆዳዋ ተገፎ ይዩዋት። ደረጀንም እመርቃለሁ የሚል ካለ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይመርቀው።

እኔ ግን አሜን አልልም።