ከቀለጠው ጨው ፊት የቆሙት የእናታችን የታክ ማልሱን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወይዘሮ ታክ ማልሱን ከአባታቸው ከአቶ ታክ ዶንግቺል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኩ ጁምናም እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1956 በጀንግዶ ደሴት ተወለዱ። አያታችን የባሕር ውሃ በፀሐይ እያደረቁ ጨው የሚያመርቱ ሰው ነበሩ። አምስተኛ ሴት ልጅ ስትመጣባቸው "በቃ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ትሁን" ብለው ማልሱን አሏቸው፤ የሴት መጨረሻ እንደ ማለት ነው። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ሴቶች ተወለዱ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴቲቱ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሞክፖ ጨርሰው በ1979 ዴጆን ውስጥ በአንድ የኑክሌር ምርምር ተቋም በምድጃ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በ1983 ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችን ከአቶ ፓንግ ኪጁን ጋር ተጋብተው እኔንና ወንድሜን ወለዱ። የሚያቦኩት የጎመን ኪምቺ ጨው ይበዛበት ነበር፤ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ አልዋሽም።

ልጆች ሆነን "ምንድነው የምትሠሪው?" ስንላቸው "ጨው እቀቅላለሁ" ይሉን ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር እንጂ እውነታቸውን ነው። ከኃይል ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ ኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅኑ ወጥቶለት ወደ ብረትነት ካልተመለሰ ጠቃሚውን ከአደገኛው ለይቶ ዳግም ለመጠቀም ያስቸግራል። ስለዚህ በቅርጫት አድርገው 650 ዲግሪ በሞቀ የሊቲየም ጨው ውስጥ ይነክሩትና ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ኦክስጅኑ በፕላቲኒየም ዘንግ በኩል ይወጣል። ጨው ውስጥ የሚጨመረው የሊቲየም ኦክሳይድ ካነሰ ግን ፕላቲኒየሙ ራሱ ተበልቶ ያልቃል። ከጨው ናሙና ቀድቶ ያንን መጠን መለካት የእናታችን ኃላፊነት ነበር።

በ2002 ከሥራ ወጡ። ለእኛ "ደክሞኛል" አሉን። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ጥቂት ወራት ሲቀረኝ ነበርና "ሰው አሁን ሥራ ይለቃል? ትንሽ አታስቢልንም?" ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ይህን ታሪክ ስጽፍም "በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ" ብዬ ነበር። ትናንት ሐዘን ክፍሉ ውስጥ የቀድሞ አለቃቸው ዶክተር ቹ ኢንፒዮ ሾርባቸው ፊታቸው እየቀዘቀዘ ወረቀቱን አነበቡና "ይሄ ውሸት ነው፤ አርሚው" አሉኝ። የነገሩኝን እነሆ።

በዚያ ዓመት ሦስት ሙከራ በተከታታይ ፕላቲኒየሙ ተበልቶ ከሸፈ። ገምጋሚዎች ተሰብስበው "ዘዴው አይሠራም፤ ይዘጋ" ሊሉ ፊርማ ብቻ ሲቀራቸው፣ በኮንትራት የሚሠሩት እናታችን ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። "ዘዴው ምንም አልበደለም። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። መቅጃው ወደ ታች ሲወርድ እየተጣበቀ ቢያስቸግራቸው፣ የተጨመረው ኦክሳይድ በደንብ ሳይዋሃድ ናሙናውን ከላይ ከላይ ይቀዱ ነበር። ላይኛው ሲለካ በቂ ነው፤ ታች ፕላቲኒየሙ ያለበት ግን ጎድሏል። ዶክተር ቹ እጅጌያቸውን ጎትተው "አንቺ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ! ሥራሽን ልታጪ ነው እኮ!" ሲሏቸው፣ "ዝም ብል እኔ እተርፋለሁ፤ ይሄ ሁሉ ልፋት ግን ይቀበራል። እርስዎ ቢሆኑ ይቀመጣሉ?" አሏቸው።

አራተኛ ሙከራ ተፈቀደ። እናታችን ከጥልቁ ቀዱ፣ ለኩ፣ የጎደለውን ጨመሩ፣ ደግመው ቀዱ። ከቅርጫቱ የነዳጁ ቁራጭ ወጥቶ ሲሰነጠቅ እስከ እምብርቱ ድረስ ግራጫ ብረት ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ ይላሉ ዶክተር ቹ። ውላቸው ግን አልታደሰም፤ በወሩ ተሰናበቱ። ምድጃው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በላዩም ከእሱ የሚበልጡ ተሠርተዋል። ሥራው ገና አላለቀም፤ የሚጨርሱት ግን ትናንት ጥቁር ለብሰው እንደ ባህላችን በተራ ሲሰግዱላቸው አይቻለሁ፤ ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ እናታችን እስከ 2019 ኪምቺና የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው እየሠሩ ሁለታችንንም አስተማሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም በትጋት አገለገሉ። በጣፊያ ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 2023 በ67 ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ስድስት እህቶቻቸው በሕይወት አሉ።

እማዬ፣ ያን ሳምንት አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ አንገትሽ ላይ እጠመጠም ነበር። አልተናገርሽም፤ ቁርሴን ብቻ በየጠዋቱ ክፍሌ በር ላይ ታስቀምጪልኝ ነበር። ይቅር በይኝ። ጌታ ነፍስሽን በብርሃኑ ቦታ ያኑርልን።