የጋሼ ኦስበርት አሥራ አራት እርምጃ

ሰኞ፣ ማርች 3፣ ረፋድ

መድኃኒት ተሰጠ። ቁርስ ተበላ፣ እንቁላሉ ግማሹ ቀረ። ጋሼ ኦስበርት ዎከራቸውን፣ ያንን የመደገፊያ ብረት፣ እየገፉ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ ሳይቀመጡ። ጎሽ። አርብ ፊዚካል ቴራፒስቷ ትመጣለች። ኮሪደሩን ብቻቸውን ካልሄዱላት ልጃቸው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን ቤት፣ ልታስገባቸው ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ይህን የዋይትሆል አፓርትመንት ለቀው ከሄዱ አይቆዩም ብዬ እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩት።

አሁን ቲቪ ላይ ክሪኬት እያዩ ነው። እዚህ ቤት ስሠራ ስድስት ወሬ ነው፣ ደብተሬ። ስለዚህ ጨዋታ አንድም ነገር የማላውቀው ሴትዮ፣ አሁን ሳህን እያጠብኩ ጆሮዬ ቲቪው ላይ ነው። ወርዋሪው ከሩቅ ሮጦ ይመጣል። ክንዱን ሳያጥፍ በአናቱ ላይ አዙሮ ይለቃል። ኳሷ መሬት ነጥራ ዱላ የያዘው ሰው ላይ ትመጣለች። ፍጥነቷ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ዛሬ አንዱ ጎረምሳ በሰዓት ዘጠና ሁለት ማይል ወረወረ። ሳህን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። እንዴት ያለ ክንድ ነው።

ጋሼ ኦ. ግን ከንፈራቸውን ጣሉ። በወጣትነታቸው ባርቤዶስ ውስጥ ለስኳር ፋብሪካ ቡድን ይወረውሩ ነበር። ማንም አልለካቸውም፣ መለኪያም አልነበረም። ባለዱላዎቹ ሄልሜት ሳይሆን ባርኔጣ አድርገው ነው የሚቆሙላቸው። ከዚህ ልጅ አላንስም ነበር ይላሉ። ጉራ ይወዳሉ። ጉራቸው ደስ ይላል።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የወንበሩን እጀታ በጣታቸው ይመታሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አሥራ አራት ጊዜ። የመጨረሻው ጠንከር ይላል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ከዚያ ያንኮራፋሉ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

የልጅ ልጃቸው ዴሬክ እዚሁ ከተማ ዳር፣ ደብሊን ሰፈር ካለው ቢሮው በቀጥታ መጣ። ቸር ልጅ ነው። የአያቱን አሮጌ የፊልም ጥቅል ወስዶ ወደ ታብሌት አስገልብጦላቸዋል። የፋብሪካው ኢንጂነር በገዛ ካሜራው የቀረጸው ነው። ድምፅ የለውም። አንድ ውርወራ ብቻ።

አየሁት፣ ደብተሬ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን ነፋስ የነፋው ልጅ። አሥራ አራት እርምጃ ሮጠ። ከዚያ ያ ክንድ። ባለዱላው በጀርባው ወደቀ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጠዋት ጠዋት ካልሲ የማለብሰው ይህን ሰው ነው።

ዴሬክ ሒሳብ ጀመረ። ፊልም ማለት ተከታታይ ፎቶ ነው። ኳሷ ከእጅ እስከ ዱላ ለመድረስ አሥራ ሁለት ፎቶ ወሰደባት። እንዲህ ያለ የቤት ካሜራ በአብዛኛው በሰከንድ አሥራ ስምንት ፎቶ ያነሳል፤ ጉግል አድርጎ ነው። የዛሬዎቹ የሚለኩት ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ነው፣ መንገድ ላይ ግን ትደክማለች። እሱንም አስቦላቸው ስልሳ ስምንት ማይል መጣ። ለዚያ ዘመን ጥሩ ነው አላቸው። ካሜራው ሃያ አራት የሚያነሳ ቢሆን ኖሮ ዘጠና ይሆን ነበር አለ ደግሞ፣ እየሳቀ።

ጋሼ ኦ. አልሳቁም። ቲቪው ይጥፋ አሉ።

ረቡዕ፣ ማርች 5፣ ጠዋት

አልተነሱም። ዎከሩን አቀረብኩ፣ በእጃቸው ገፉት። ሚስተር ኦስበርት ብላቸው እንኳ አልተቆጡም። ጋሼ ምን ማለት እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ ሚስተር ካልኩ መልስ አይሰጡኝም ነበር። ይኼ አስፈራኝ።

ዴሬክን ኮል አደረግኩት። ምን አጠፋሁ፣ ቁጥር ቁጥር ነው አለኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። የዚህ ልጅስ ጭንቅላቱ ደህና ነው፣ አፉ ነው የቀደመው።

ቁጥር ቁጥር አይደለም። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሰዓት ያዥ ነበርኩ፣ የክ/ከተማ የሩጫ ውድድር ላይ። በማን እጅ ተያዘ? በምን ሰዓት? በምን ዓይነት መም ላይ? አመድ ላይ የሮጠውን፣ በእጅ ሰዓት የተያዘለትን ሰው ከዛሬው የኤሌክትሪክ ሰዓት ጎን አስቀምጦ መፍረድ ግፍ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ ይመርመር። "በአብዛኛው አሥራ ስምንት" ምን ማለት ነው? እኛ በአብዛኛው ብለን ሜዳሊያ ሰጥተን አናውቅም።

ተናድጃለሁ። ቁርስም አልበሉልኝም።

ሐሙስ፣ ማርች 6፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጉድ ነው። ጉድ ነው፣ ደብተሬ።

ዛሬም አልተነሱም። ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አሥራ አራት፣ የመጨረሻው ጠንከር። እግራቸው አኩርፏል፣ ጣታቸው ግን ወሬውን አልሰማም። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ይኼ እኮ ሩጫው ነው። ስድስት ወር ሙሉ አጠገቤ ሲሮጡ ኖረዋል፣ እኔ ሰዓት ያዥ ተብዬዋ አላየሁም።

ታብሌቱን ይዤ ባኞ ቤት ገባሁ። አሥራ አራቱ እርምጃ ስንት ፎቶ ነው? አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ዘጠና ስድስት። ካሜራው አሥራ ስምንት ከሆነ ሩጫው አምስት ሰከንድ ያልፋል። ሃያ አራት ከሆነ አራት ሰከንድ ብቻ።

የሩጫ ሰዓቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከአገር ይዤው መጣሁ፣ ባትሪውን እቀይርለታለሁ፣ ለምን እንደምቀይርለት ግን አላውቅም ነበር። ባሸለቡ ቁጥር ጠበቅኳቸው። 4.1። ከዚያ 4.0። ከምሳ በኋላ 4.2። ድሮ ሦስት ሰዓት ያዥ እንቆማለን፣ የመሀሉ ይወሰዳል። 4.1።

ሃያ አራት ነው። አውራ ጣቴ ትዘገያለች፣ አውቃታለሁ፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ግን ዘግይታ አታውቅም። ዘጠና ማይል አካባቢ። ባርኔጣ ላደረገ ሰው። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አሠልጣኝ የለ፣ ጂም የለ። የሰኞውን ጎረምሳ አደነቅኩ፣ አሁንም አደንቀዋለሁ። እኚህን ግን ምን ልበላቸው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ነገርኳቸው። አላመኑም፤ ልታጽናኚኝ ነው አሉ። እስቲ በፊቴ ምቱ አልኳቸው። እያወቁ መቱ። 3.4። ይኼ አይቆጠርም፣ ከተኩሱ በፊት ተነስተዋል ብዬ ሰረዝኩባቸው። ከዚያ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። የድሮ ዳኞችም መስመር ረገጥክ እያሉ ይሰርዙባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ያመኑኝ የሰረዝኩባቸው ጊዜ ይመስለኛል።

በጽሑፍ ስጪኝ አሉ፣ ለዴሬክ። ጻፍኩ። "በእጅ ሰዓት የተያዘ" የሚል ጨመርኩበት፣ ያለዚያ አልፈርምም። ከስሜ በታች ሰዓት ያዥ ብዬ ፈረምኩ። ይህችን ቃል ከጻፍኳት ስንት ዓመቴ።

ግን አልተነሱም። ዎከሩ ግድግዳው ጋ እንደቆመ ነው። ነገ አርብ ነው።

አርብ፣ ማርች 7፣ ጠዋት 3:30

ቴራፒስቷ በአራት ሰዓት ትደርሳለች። ቁርስ ሙሉው ተበላ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ዴሬክ የላክኩለትን የወረቀቱን ፎቶ አይቶ ደወለ፣ አያቱን ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ኦ. ለዘመኑ ልጅ ጥሩ ነህ አሉት።

ስለ መሄድ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት ቀን ለመንኳቸው፣ በቃኝ። ወስኛለሁ፣ እግሩ የእሳቸው ነው።

ኪችን ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዎከሩ ተንኳኳ። እንደገና ተንኳኳ። ዞር ብዬ አላይም። ኮሪደሩ ውስጥ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ነው። አምስት። ስድስት። ወርዋሪ ከመሮጡ በፊት እንደሚያደርገው፣ የሩጫቸውን መነሻ በእርምጃ እየለኩ ነው። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ። ዞሩ። ስሜን ጠሩ። ሰዓትሽን ያዢ፣ ይኼኛው ይቆጠራል እያሉኝ ነው፣ እኔም እስክሪብቶዬን…