ከወለሌ ሥር የሚቆፍረው

ውድ ልጄ ስታሲያስ፣

እጄ ፊደል ላይ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ግን ቲማጎራስ ሳይመለስ መጨረስ አለብኝ።

ፋርሶች ከተማችንን ሶሎይን ከከበቡ አምስተኛው ወር ገባ። ንጉሣችን በሳላሚስ ሜዳ የወደቁ ጊዜ፣ "እማዬ፣ ግንቡ አለ፣ አይዞሽ" ብለኸኝ ነበር። ጠላት ግንቡን ከሥሩ መቦርቦር ሲጀምር፣ እናንተ የመዳብ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ልትገጥሟቸው ከውስጥ ቆፈራችሁ። በዚያ ጠዋት የገብስ ቂጣህን ግማሽ ትተህልኝ፣ "ከላይ ካለው ርሃብ ከታች ያለው ፋርስ ይሻላል፤ እሱ ስንቅ ይዟል" ብለህ ሳቅህ። ቀትር ላይ ዋሻው ተደረመሰ። አሥራ አንዳችሁንም ማውጣት አልቻሉም።

አላለቀስኩም። በአራተኛው ቀን ከጓዳዬ ወለል ሥር የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ በሕይወት አለ፣ እየቆፈረ ነው አልኩ።

በማግስቱ መዳብ ቀጥቃጩ ቲማጎራስ መጣ። በየቤቱ የነሐስ ጋሻ ወለል ላይ አስተኝቶ ጆሮውን ይለጥፍበታል፤ ከሥር የሚቆፍር ካለ ነሐሱ ይነዝራል። ያን ጊዜ ወታደሮቹ ወለሉን ይሰብሩና ድኝና ዝፍት አቃጥለው ጭሱን ይለቁበታል። አንተ ላይ ሊለቁት ነው ብዬ ልዋሸው ቆረጥኩ።

"እትዬ ኦናሲያ፣ ጋሻዬ ይነዝራል። ምንድን ነው?" አለኝ።

"የጎረቤቴ የሜኔሳ ወፍጮ ነው።"

"ገብስ የሚፈጭ ቤት ካለማ ፋርሶቹን ትቼ እሱን ነው የምከብበው።"

"የዱር ሥራሥር ነው የምትፈጨው። ከፈለግህ ሂድና ቅመስላት።"

"ኧረ ይቅርብኝ" አለና ጋሻውን ተሸክሞ ወጣ።

የጉድጓዱን ደንብ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የተቀበረ ሰው ሦስት ጊዜ መትቶ ያርፋል፤ ከላይ ሦስት ሲመለስለት አብዝቶ ይመታል። ከትናንት ወዲያ ወለሉን በዘነዘና ሦስት ጊዜ መታሁ። ድምፁ ጸጥ አለ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይቶ እንደገና ሲጀምር ምቱ ለስልሶ ነበር፣ እንዳይሰማ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

የተቀበረ ሰው አይደበቅም፣ ልጄ። ይህን እያወቅሁ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ደክሞት ይሆናል፣ እጁ ተጎድቶ ይሆናል እያልኩ።

ዛሬ ጠዋት ከጓዳዬ ጀርባ ባለው ግንብ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። የሜኔሳ ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ። ዞር በሉ ብዬ ስጮህባቸው እናታቸው ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ ግንብ መፍራት ጀመርሽ?" አለች።

ቲማጎራስ ሲመጣ ድምፁ ያለበትን የጓዳዬን ወለል በጣቴ አሳየዋለሁ። ስለዋሸሁ ከግንቡ ቢወረውሩኝም እሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ጭሱ ሲወርድ ከታች የሚወጣው ጩኸት በማን ቋንቋ እንደሚሆን ነው። እዚያው ቆሜ እሰማለሁ፤ ጆሮዬን አልደፍንም። ከመካከላቸው "እማዬ" የሚል ድምፅ ከሰማሁ፣ የሚይዘኝ የለም፣ እወርዳለሁ።

እናትህ ኦናሲያ