አባባና የባሕሩ ሰፍነግ

ዓርብ

ተገኘ! የአባባ መድኃኒት ደሴ ገብቷል። ሐኪሙ ራሱ ደወለልኝ፤ «ሰኞ ይጀምሩ፣ ከዚያ ካለፈ ሕመሙ አይጠብቀንም» አለኝ። ፋርማሲዬ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የገባች ሴትዮ ደንግጣ ወጣች።

አባባ የደም ካንሰር እንዳለባቸው ከሰማን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መድኃኒቱ ደግሞ የኔው ነው! የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ከባሕር ፍጥረታት በሚገኙ መድኃኒቶች ላይ ነበር። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጓደኞቼ «የመካነ ሰላሟ ዓሣ አጥማጅ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ!

ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላስችል ብሎኝ «መነሻው እኮ የባሕር እንስሳ ነው» አልኩ።

«ዓሣ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ሰፍነግ የሚባል ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው ሸህ ናቸው፤ ኪታብ የቀሩት፣ ማለትም የተማሩት፣ በሐነፊ መዝሃብ፣ በሐነፊዎች የሕግ መንገድ ነው፤ በዚያ ደግሞ ከባሕር የሚፈቀደው ዓሣ ብቻ ነው። «አርባ ዓመት ለደረሳ ያስተማርኩትን አሁን አላፈርስም። አልወስድም» አሉ።

ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማን ጠየቀኝ?

ቅዳሜ

እማ አኩርፋኛለች። «ዕቃ በምናጥብበት ስፖንጅ ነው አባትሽን የምታክሚው?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

የሞከርኩት፦ ልመና። እምቢ። የጎረቤታችንን ሸህ ይዤ መጣሁ። እሳቸው ሻፊዒ ናቸው፤ «በኛ ዘንድ የባሕሩ ሁሉ ሐላል ነው» አሏቸው። አባባ «እንግዲያው አንቱ ይወጉት!» ብለው መለሷቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። በመጨረሻ ጮህኩባቸው፦ «ሊሞቱብኝ ነው እንዴ!» አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩ። የቀረችን አንዲት ቀን ናት።

እሑድ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። «ጽሑፍሽን አምጪ፣ ከመጀመሪያው አስቀሪኝ» አሉ። እኔ ልጃቸው ላስቀራቸው፣ አስተማሪያቸው ልሆን!

ነገርኳቸው። ሰፍነግ ደም የለው፣ ዓይን የለው፣ ዓለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ተመራማሪዎች ፍንጩን ያገኙት ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ካለ ሰፍነግ ነው። አሠራሩን አጠኑና ዛሬ መድኃኒቱን በፋብሪካ ይሠሩታል። ብልቃጡ ውስጥ ከሰፍነጉ አንዲት ቅንጣት የለችም።

«የለችም?»

«የለችም።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ታዲያ ዓርብ ዕለት ይህን ለምን ዋጥሽው?»

«የሚገርመውን ላስቀድም ብዬ ነው አባባ፤ እምቢ ሲሉኝ ደግሞ ከድንጋጤ ብዛት ረሳሁት።»

«አንቺ ወሬኛ!» አሉና ብዙ ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው፦ «ደረሳ ከሸሁ ቃሉን ይቀዳል እንጂ ምላሱን አይወስድም። እነዚህ ተመራማሪዎችም ከሰፍነጉ የቀዱት አሠራሩን ነው። ጋቢዬን አምጪ።»

ወላሂ፣ ቤቱን በእልልታ አናወጥኩት! እማም ኩርፊያዋን ረስታ ስንቅ ቋጠረች። ወደ ደሴ ስንጓዝ ሚኒባሱ አቃስታ ከተማ ሳይደርስ አባባ ለሾፌሩ ስለ ሰፍነግ እያስረዱት ነበር። ሾፌሩ «እንዲያ ነው እንዴ ሸህ!» ሲል የበለጠ ይሞቃቸዋል። ወሬኛነቴ ከማን እንደመጣ ዛሬ ገባኝ።

ሰኞ

ደሴ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ አንገቷ ላይ መስቀል አለ። «አብሽሩ አባባ» እያለች ክንዳቸውን በአልኮል ጠረገች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ብልቃጡን አየዋለሁ፤ ውሃ ነው የሚመስለው። ስንት ገጽ የጻፍኩለት ነገር እፍኝ እንኳ አይሞላም።

መርፌውን ልታስገባ ስትል በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አለች።

አባባ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። «ውጊ ልጄ» አሏት።

ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሁለተኛው መርፌ ነገ ነው።