በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ስለሚጠብቅዎት ቱታ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን አደርክ? ለክቡር ተወካያችን ደብዳቤ ልጽፍላቸው ነውና እንደ ልማድህ ከኋላዬ ቆመህ አንብብልኝ። ትልቅ ሰው የሚወቀሰው በአክብሮት ነው ትለኝ ስለነበር በአክብሮት እጀምራለሁ።

ለተከበሩ የሶሻሊስት ፓርቲ የምክር ቤት ተወካይ፣ በቅርቡም የጥምር መንግሥቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። አዲሱ ወንበር እንደተመቸዎት፣ ድምፅዎም ከቀብሩ ንግግር በኋላ እንዳልጎረነነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በእንጨት መሰንጠቂያው መጋዙን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እጅጌውን ይዞ የገደለው ሠራተኛ ታናሽ ወንድም ነኝ። በቀብሩ ዕለት ራሴን ዳብሰው «አይዞህ የኔ ልጅ» ስላሉኝ፣ እንደ አባት ቆጥሬዎት ጥቂት ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሚስማሩ። ክቡርነትዎ ባይዘነጉት፣ የፓርቲዎ የመጀመሪያው ተወካይ ከዚሁ መሰንጠቂያ የሄዱ፣ መጋዝ የሚሞርዱ ሽማግሌ ነበሩ። ምክር ቤቱ በር ላይ በቱታ አይገባም ብለው ቢመልሷቸው ኮት ተውሰው ገቡ፤ ቱታቸውን ግን እኛ ዘንድ በር አጠገብ ባለው ሚስማር ሰቅለው «ይህ እዚህ እስካለ መመለሻዬን አልረሳም» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የተመረጠ ሁሉ ቱታውን እዚያው ሰቅሎ ይሄዳል፤ በየወሩም መጥቶ ይለብሰውና አንድ ፈረቃ ሠርቶ፣ በምሳ ሰዓት ግንድ ላይ ቆሞ ለምን እጁን እንዳወጣና ለምን እንዳላወጣ ያስረዳል። እርስዎም በመጀመሪያው ዓመት አልቀሩም። በሁለተኛው ጸሐፊዎን ላኩ፤ እሳቸውም ቱታው ይሰፋኛል ብለው ሳይለብሱት ተመለሱ። አሁን ሳያጓድል የሚመጣው አቧራው ብቻ ነው፣ ምስጋናችን ይድረሰው።

፪. ስለ ታሪክ ትምህርት። የታሪክ መምህራችን ሶሻሊስቶች በምክር ቤት ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው እንደኖሩ አስተምረውናል። አንዱ ወገን ቤቱ የጌቶች ነውና ገብተህ ትለምደዋለህ ሲል፣ ሌላው ወገን በድምፅ ገብተን ሕጉን ከውስጥ እንለውጣለን ይላል። ክርክሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ በየእሑዱ ቤታችን ውስጥ ሲካሄድ ነው ያደግሁት። ኮምጣጤ የምንለው የመሰንጠቂያው መካኒክ፣ የወንድሜ የልብ ጓደኛ፣ «ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሰውዬህን እዚያው እንቅልፍ ወስዶታል» ሲለው፣ ወንድሜ «በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ መሥራትን ማን አመጣልህ ታዲያ? ሽማግሌው በአንድ ቀን አመጡት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለው ነበር። ኮምጣጤ ደግሞ «መሄዱንስ ይሄዳል፣ ግን ወዴት?» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ወንድሜ ለእርስዎ የተከራከረውን ያህል እርስዎ ለራስዎ የተከራከሩ አይመስለኝም። እንቁላሉም እውነትም እግር አወጣ፤ ባወጣ ማግስት ግን መኪና ተመደበለት።

፫. ስለ አንቀጽ ዘጠኝ። የሚሽከረከር ቺንጋ ሁሉ መከለያ ይኑረው የሚለውን አንቀጽ ያረቀቁት እርስዎ ነዎት፣ ይህንን ማንም አይነጥቅዎትም። ሠራተኛው መከለያ ካልተገጠመ ብሎ ሥራ ባቆመ ጊዜ፣ «ነገሩ እዚህ ያሉትን ያስቆጣብኛል፣ ወደ ሥራ ተመለሱ፣ አንቀጹ ሳይረፍድ ይጸድቃል» የሚል መልእክት ላኩ። ኮምጣጤ እንመለስ በሚለው ላይ እጁን አላወጣም። ወንድሜ ግን ግንዱ ላይ ወጥቶ «የላክነውን ሰው እኛው ካላመንነው ለምን ላክነው?» ብሎ ሌሎቹን አሳመነ፤ መጀመሪያ ወደ ቺንጋው የተመለሰውም እሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለጥምር መንግሥቱ ሰላም ሲባል አንቀጹን ከረቂቁ አወጡት፣ በዚያው ሳምንትም ሚኒስትር ሆኑ። ይህን ለመሰንጠቂያው የነገረ አልነበረም፤ ግንዱ ላይ ቆሞ የሚያስረዳ ስላልመጣ። ቢመጡ ኖሮ ወንድሜ ይጠይቅዎት ነበር፤ መልስዎን ሰምቶም በዚያው ዕለት ሞተሩን ያጠፋው ነበር።

፬. ምስጋና። ለአንድ ደቂቃው የኅሊና ጸሎት እናመሰግናለን። ተቃዋሚዎችዎም ጭምር ያለ ልዩነት ዝም እንዳሉ ሰምተናል፤ ስለ አንቀጽ ዘጠኝም እንዲሁ ያለ ልዩነት ዝም ብላችኋልና ልምዱ ሳይረዳችሁ አልቀረም። ለፓርቲው የምሥረታ በዓል የወንድሜን ቱታ በመስታወት ሣጥን ለማኖር ስለጠየቁም አመሰግናለሁ፤ ግን አልሰጥም። ለቱታው መስታወት ከማሰብዎ በፊት ለቺንጋው ቆርቆሮ ቢያስቡለት ይሻል ነበር።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ለእረፍት ሳይዘጋ አንቀጽ ዘጠኝን መልሰው ያቅርቡ። ቢሸነፍም በድምፅ ይሸነፍ፣ ማን እጁን እንዳላወጣ እንወቅ። ኮምጣጤ እስከ ዛሬ «አላልኩም ነበር?» አላለኝም፤ እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ዝምታው ነው። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም። ፈተና ላይ ቢመጣ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ።

ለለቅሶው መጥታ የሰነበተችው አክስቴ ወደ ልጆቿ በተመለሰች ማግስት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ብርድ ልብሱን በእግሬ በኩል የሚስብብኝ ስላልነበረ አርፍጄ ነበር። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ አክስቴ አጥባ ያስቀመጠችውን፣ ቀኝ እጅጌ የሌለውን የወንድሜን ቱታ በደብተር ቦርሳዬ ከትቼ ወደ መሰንጠቂያው ሄድኩ። ከሚስማሩ የእርስዎን አወረድኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ በወጉ አጠፍኩት። በቦታው የወንድሜን ሰቀልኩ። ኮምጣጤ ሞተሩን ሊያስነሳ ነበር፤ ቱታውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሄዶ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ሞተሩ አልተነሳም።

ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ድምፅ ለመስጠት ዕድሜው ገና ያልደረሰ፣ ነገር ግን መድረሱ የማይቀር ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ የታጠፈው ቱታዎ በሩ ላይ ዘበኛው ዘንድ በአደራ ተቀምጧል፣ በተመቸዎት ቀን መጥተው መውሰድ ይችላሉ። ዘበኛው ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ እርስዎን በምርጫ ፖስተር ካልሆነ በቀር አይቶዎት አያውቅም፤ ስለዚህ እባክዎ መታወቂያዎን አይርሱ።